ምትክ

የመኪናዋን ሽቦ ከግድግዳው ነቅዬ፣
መስታወቱን ፍቄ፣ ጣቴን እፍ ብዬ፣
እጠብቀዋለሁ።
በኤድመንተን ጥር ጀንበር ትሰንፋለች፤
መኪናም ኤሌክትሪክ ስትጠባ ታድራለች፤
ካልጠባች አትነሳም፤ ዘይቷ ይረጋል።
ምትኩ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ በሩን ቀስ አርጎ ይዘጋል።
«እንደምን አደርሽ?»
«ደህና። ቀበቶህን እሰር።»
ከዚያ ወዲያ ዝም፤ ድልድዩን እስክንሻገር።

ስሙን ያወጣችው እናታችን ነች፤
አንዱን ልጅ ቀብራ ነው እሱን የወለደች።
ምትኩ አለችው፤ እሱም ሠላሳ አራት ዓመት
የሌላ ሰው ቦታ ይዞ ኖረበት።

ፎርት ማክመሪ ሄደ፣ ነዳጅ ከሚወጣበት፤
ከመሰላል ወድቆ ወገቡን ጎዳበት።
ሐኪም ክኒን ሰጠው፤ ክኒን ክኒን ጠራ፤
ማዘዣው ሲያበቃ መንገዱ ተጣራ።

እኔም ዋሸሁለት።
ለቤት አከራዩ፣ «ደሞዝ ዘግይቶበት»፤
ለእናቴ በስልክ፣ «ሥራ ገብቷል፣ እማ»፤
ለራሴም፣ «ጉንፋን ነው»፤ ያ ሁሉ ላብ፣ ያ ጨለማ።
ሀብሌ ጠፋብኝ፤ ማንኪያዎቼ ጠፉ፤
እኔ ማንኪያ ስቆጥር ስንት ሌሊት አለፉ፣
የጠፋው ወንድሜ መሆኑን ሳላውቅ።

ከገላ መታጠቢያው ወለል፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ያገኘሁት ዕለት፣
በአፌ ትንፋሽ ሰጠሁት፤ በአፍንጫው ረጨሁለት።
ቆይቶ ነቃና ሰደበኝ።
ደስ አለኝ።
የሚሳደብ ሬሳ የት አለ? አልኩኝ።

መቶ አስራ ስምንተኛው ጎዳና፣ ከዶናት ቤቱ አጠገብ፣
ፋርማሲው ሲከፈት ሦስት አራት ሰው ነው ሰልፉ።
ሮዛሊንዳ በትንሽ የላስቲክ ጽዋ ታቀርብለታለች።
ፊቷ ቆሞ ይጠጣል።
«አሁን ተናገር» ትለዋለች።
ደንብ ነው፤ የዋጠ ሰው ይናገራል፤
ያልዋጠ በጉንጩ ይዞት ይወጣል።
በመጀመሪያው ሳምንት፣ «አመሰግናለሁ» አለ።
በሁለተኛው፣ «ይበርዳል።»
በሦስተኛው ሳምንት ቀረ።
ሁለት ቀን።
ስልክ አልደወልኩም አልልም፤ ሠላሳ ጊዜ ደወልኩ፤
በአውቶቡስ ጣቢያዎች ፊት፣ ብርድ ልብስ እየገለጥኩ፣
የሰው ወንድም አየሁ።
ሲመለስ ሮዛሊንዳ አልተቆጣችም፤
«ከአንድ እንጀምራለን» ብላ አዲስ ወረቀት ጻፈች።
እኔ ግን ተቆጥቼ ነበር። አሁንም ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ አንዷ ጎትታ ይዛኝ፣
«ሱስን በሱስ መተካት፣ ይኼ ደግሞ ምን መዳን ነው?» አለችኝ።
መልስ አጣሁ። ማታ ነገርኩት።
ምትኩ ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።
«እሱም ምትክ፣ እኔም ምትክ፤
እንግባባለን» አለኝ።

መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት፣
«ዛሬ በአውቶቡስ ልሂድ» አለ።
«ሂድ» አልኩት፤ ቁልፉ እጄ ላይ ቀረ።
ሽቦዋን ነቀልኩ፤ መልሼ ሰካሁ።
ማንኪያ አጠብኩ።
የታጠበውን ማንኪያ እንደገና አጠብኩ።
አርባ ደቂቃ ዘገየ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የፈለግሁት ዓይኑን ነው፤
ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክሎ እንደሆነ ብዬ።
ከዚያ አፈርኩና ወደ እጁ ዞርኩ፤
እንቁላል ገዝቷል፤ አንድ ደርዘን፤ አንዱ ተሰንጥቋል።
እሱ ግን አይቶኛል።
ኮፍያውን አወለቀ፤ ከአምፖሉ ሥር ቆመ፤
ዓይኑን በሁለት ጣቱ ገልጦ፣
«እይ» አለኝ። «እስኪወጣልሽ እይ። አልቸኩልም።»

አየሁ።
ሐኪም አይደለሁም።
ብሌኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሴት ቆማለች፤
ማንኪያ ይዛለች።
«በይ፣ አሁን ተናገሪ» አለኝ።
የዋጥኩት ብዙ ነበር።
«እንቁላሉ ስንት ገባ?» አልኩት።